ከሄኖክ ደጆች እስከ አቡነ ዮሴፍ ተራራ፦ ሰማይን የማንበብ ታሪክ

በሰሜን ወሎ፣ ወልድያ፣ መርሳና ሀብሩ አካባቢ ስለ ሰማይ የተጻፈ ነገር ከጥንት ጀምሮ ጠፍቶ አያውቅም። የሚያነበው ሰው ግን ጥቂት ነበር። መሪጌታው ያነባል፣ ደብተራው ያነባል፣ ሼኹ ያነባሉ፤ ለሕዝቡ የሚደርሰው ውጤቱ ነው፦ ጾሙ በዚህ ቀን ይገባል፣ ጨረቃ ታይታለች፣ ኮከብህ ሚዛን ነው። ስሌቱ ጓዳ ይቀራል፣ መልሱ አደባባይ ይወጣል። ይህ ትረካ ስሌቱ ራሱ ከጓዳ እየወጣ፣ መልስ ብቻ ይደርሰው የነበረውም ሰው ጠያቂ እየሆነ የመጣበትን መንገድ ይከተላል። መንገዱ ቀጥ ያለ አይደለም። ደጋግሞ ተቋርጧል፤ የተጣመመበትም ጊዜ አለ።

የብራናው ዘመን፦ እስከ 1765 ዓ.ም.

ከመርሳ ተነስቶ በውርጌሳና በውጫሌ በኩል ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ከተማዋን ሳይደርስ ሐይቅ እስጢፋኖስን ያገኛል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ይህን ገዳም ትምህርት ቤት ያደረጉት መጻሕፍት እያስጻፉና እየሰበሰቡ ነው። እንዲህ ባሉት ገዳማት፣ በላስታና በየጁ አድባራትም ጭምር፣ ስለ ሰማይ የሚነገረው ትምህርት በዋናነት ከሦስት ምንጮች ይቀዳ ነበር፦ ከመጽሐፈ ሄኖክ፣ የስድስቱን ቀን ፍጥረት ከሚተነትነው አክሲማሮስ እና ከባሕረ ሐሳብ።

ሄኖክ ለብቻው ጥቂት ጊዜ ይገባዋል። ሙሉው መጽሐፍ ተጠብቆ የቆየው በግዕዝ ብቻ ነው። ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለው ክፍሉ ደግሞ ስለ ብርሃናት አካሄድ ነው። ፀሐይ በምሥራቅ ባሉ ስድስት ደጆች ትወጣለች፣ በምዕራብ ባሉ ስድስት ደጆች ትገባለች፤ ከደጅ ወደ ደጅ በተዛወረች ቁጥር ቀኑ ይረዝማል ወይም ያጥራል። ዓመቱ 364 ቀን ነው። ዕለቱ በ18 ክፍል ይከፈላል፤ በረጅሙ ቀን 12ቱ ክፍል ለመዓልት፣ 6ቱ ለሌሊት ይደርሳል። በሌላ አነጋገር መዓልቱ የሌሊቱን እጥፍ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ወልድያ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። መዓልቱ የሌሊቱን እጥፍ የሚሆንበትን ቀን ለማየት እስከ ፓሪስ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል፤ በእርግጥም እዚያ የሰኔው ረጅም ቀን 16 ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ ለስንት መቶ ዓመት ሄኖክን በላስታ ቀዝቃዛ ጧት ያነበቡ ሰዎች በመጽሐፉና በደጃቸው ፀሐይ መካከል ያለው ልዩነት ዓይናቸው ሥር ነበር። ልዩነቱን ያስተዋለ ሰው እንደነበር አልጠራጠርም። የትምህርቱ ሥርዓት ግን መጽሐፉን ከሰማዩ ጋር ለማስተያየት አልተዘጋጀም፤ የሚጠበቀው መጽሐፉን መቀበል፣ ማስታወስና መተርጎም ነበር።

ባሕረ ሐሳብ ከዚህ ይለያል፤ እሱ ከሰማይ ጋር በየዓመቱ ይፈተናል። ትውፊቱ ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ የሚሰጠው ይህ ስሌት ፀሐይንና ጨረቃን በ19 ዓመት ዑደት ያስታርቃል። ነገሩ የሚመስለውን ያህል አይከብድም። 2012 ዓ.ም.ን እንውሰድ፤ ወደዚህች ዓመት ኋላ ላይ በሌላ ምክንያት እንመለሳለን። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ 7512 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 7 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበር የሚባለው ቁጥር 6 ነው። ወንበሩን በ11 አባዝቶ 30 እየገደፉ ሲሄዱ አበቅቴ የሚባለው 6፣ በ19 አባዝቶ 30 እየገደፉ ሲሄዱ መጥቅዕ የሚባለው 24 ይወጣል። ሁለቱ ሁልጊዜ ተደምረው 30 ናቸው። ከዚህ ተነስቶ የነነዌ ጾም በዚያ ዓመት የካቲት 2 ሰኞ ገባ። የቆሎ ተማሪ ይህን ሁሉ በጣቱ አንጓ ይሠራዋል።

11 ከየት መጣች? የጨረቃ ዓመት 354 ቀን፣ የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ነው፤ ትርፉ 11 ነው። በየጁ ደግሞ ሌሎች ሊቃውንት ይህችኑ 11 በሌላ በር ያገኟታል። እንደ ዳና ባሉት የእስልምና ትምህርት ማዕከላት ደረሳው የዙህርንና የአስርን ሶላት በጥላ ርዝመት ይለካል፣ የወሩን መግቢያ በጨረቃ ይጠብቃል። የሂጅራ አቆጣጠር ጨረቃን ከፀሐይ ጋር ስለማያስታርቅ ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል። በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንድ ገበያ ሲውሉ፣ ተጋብተው ሲዋለዱ ኖረዋል፤ የአንዱ ሊቅ በየዓመቱ የሚያስታርቃት፣ የሌላው ደግሞ እንዳለች የሚተዋት ይህች የ11 ቀን ልዩነት አንድ መሆኗን ለሁለቱም በቋንቋቸው ጽፎ ያሳየ ግን አላየሁም። ሕዝባዊ የሳይንስ ጽሑፍ የሚባለው ነገር ሥራው ይህ ነበር፤ በጊዜው አልነበረም።

ከአደባባይ የደረሰ አንድ የሰማይ ጽሑፍ ቢኖር ሐሳበ ከዋክብት ነው። ስምን ከእናት ስም ጋር ደምሮ ለ12 ገድፎ፣ ሐመል ነህ፣ ሠውር ነህ፣ ገውዝ ነህ የሚለው። ሳይንስ ብለን አንጠራውም። ነገር ግን ሰማዩን ከአንባቢው ከራሱ ሕይወት ጋር ስላገናኘ ተወደደ፤ ይህን ምሥጢር በኋላ ዘመን የመጡት የሳይንስ ጸሐፊዎችም ተጠቅመውበታል።

1765–1814 ዓ.ም.፦ ሄኖክ ባሕር ተሻገረ

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ሲመለስ ሦስት የሄኖክ ቅጂ ይዞ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1773 አውሮፓ ሲደርስ አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ አበረከተ፤ መዓልቱ የሌሊቱን እጥፍ ወደሚሆንበት ከተማ መሆኑ ነው። ሪቻርድ ሎውረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ አሳተመው። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉ የዓለም ምሁራን መመራመሪያ ሆነ፤ በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ቁምራን ዋሻ ውስጥ የአራማይክ ቁርጥራጮቹ ሲገኙም ግዕዙ ምን ያህል ጥንታዊ ነገር ይዞ እንደቆየ ታየ።

ሄኖክ የደረሰበት አውሮፓ ግን ሌላ ነገር ከጀመረ ቆይቷል። ጋሊሊዮ በ1632 ስለ ሁለቱ የዓለም ሥርዓቶች የጻፈውን መጽሐፍ በላቲን ሳይሆን በጣሊያንኛ አቀረበው፤ ነጋዴውም መርከበኛውም እንዲያነበው። ፈረንሳዊው ፎንትኔል በ1686 አንዲት እመቤት በምሽት አትክልት ቦታ ውስጥ ስለ ከዋክብት ስትጠይቅና ስትከራከር የሚያሳይ መጽሐፍ አወጣ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጋሊሊዮን የከሰሰችው በሐሳቡ ቢሆንም ሐሳቡን በሕዝብ ቋንቋ መጻፉ ነገሩን አባብሶታል። እኛ ዘንድ ግን የሰማዩ ትምህርት ግዕዝ ውስጥ ተቀምጦ አማርኛው በቃል ትርጓሜ ብቻ ያገለግለው ነበር። አንድምታ የሚባለው ይህ ትርጓሜ ሲነገር አማርኛ ነው፤ ተማሪው ግን ግዕዙን ሳይዘልቅ እዚያ አይደርስም።

1900–1949 ዓ.ም.፦ ማተሚያና መንገድ

እኛ ዘንድ ለውጡ የጀመረው ከሰማይ ሳይሆን ከማተሚያ ነው። የምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በ1917 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ መታተም ጀመረ። በእነዚህ ዓመታት የሚታተመው አማርኛ ጂኦግራፊን፣ ታሪክንና ሥልጣኔን ያስተዋውቃል፤ ምድር ክብ መሆኗን፣ በፀሐይ ዙሪያ መዞሯን የሰማው አንባቢ በአብዛኛው ከእንዲህ ያለው ጽሑፍና ከአስኳላ ነው የሰማው። ስለዚህ ዘመን ብዙ ማለት አያስፈልግም። በዚያው ጊዜ ኤድዊን ሃብል እ.ኤ.አ. በ1929 ጋላክሲዎች እርስ በርሳቸው እየተራራቁ መሆኑን አሳየ፤ ዜናው እኛ ዘንድ የደረሰው ግን በብዙ ዓመት ዘግይቶ ነው።

ለሰሜን ወሎ የሚበልጠው ነገር መንገዱ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ አስመራ የሚዘልቀውን መንገድ ሲሠራ ውርጌሳ፣ መርሳና ወልድያ በመስመሩ ላይ ዋሉ። ጠመንጃ ሊያጓጉዝ የተሠራው መንገድ ከነፃነት በኋላ ጋዜጣና መጽሐፍ አመጣ፤ መምህርም አመጣ። በ1933 ዓ.ም. የተመሠረተው አዲስ ዘመን በመኪና ሲደርስ ቀናት ያስቆጥር ነበር፤ ግን ይደርሳል። ከበደ ሚካኤልን የመሰሉ ጸሐፊዎች የሰፊውን ዓለም ዕውቀት ለአማርኛ አንባቢ በለሰለሰ ቋንቋ ማቅረብን ሙያ ያደረጉትም በዚህ ጊዜ ነው። የእሳቸው ዓይን ከሰማይ ይልቅ በሥልጣኔ ላይ ቢሆንም፣ ከባድ ነገር በአማርኛ ሊጻፍ እንደሚችል ማሳየታቸው ለኋለኞቹ ትልቅ ስንቅ ሆኗል።

1950–1966 ዓ.ም.፦ ሰማይ ዜና ሆነ

መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. ሶቭየት ኅብረት ስፑትኒክን አመጠቀች። በዚያው ሰሞን በተካሄደው የዓለም አቀፍ ጂኦፊዚክስ ዓመት የምርምር ዘመቻ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ የጂኦፊዚክስ ምርምር ጣቢያ ተቋቋመ፤ የመሠረቱት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ካህን ፒየር ጉዌን ናቸው። ጣቢያው እዚህ የተተከለበት ምክንያት ቀላል ነው፦ የምድር መግነጢስ ወገብ የሚያልፈው አዲስ አበባ አቅራቢያ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ አሜሪካውያን ሳተላይቶችን ፎቶግራፍ የሚያነሳ ግዙፍ ካሜራ ደብረ ዘይት ላይ ተከሉ። ኢትዮጵያ በመልክዓ ምድሯ ምክንያት ለሰማይ ተመራማሪዎች ተፈላጊ አገር እንደሆነች ያኔ ታወቀ። የሚመራመሩት ግን በአብዛኛው የውጭ ሰዎች፣ የሚጽፉትም በእንግሊዝኛ ነበር።

ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ አረፈች። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት አልፏል፤ አርምስትሮንግ ጨረቃን የረገጠው ደግሞ ሊነጋ ሲል ነው። ክረምት ስለሆነ በወሎ ብዙ ቦታ ሰማዩ ደመና ይሆናል። ሬዲዮ ያለው ሰማ፣ የሰማው ለጎረቤቱ አወራ፣ ያላመነውም ብዙ ነው። እኔ ይህን አለማመን እንደ ድንቁርና አላየውም። ጨረቃን በየወሩ ለጾም፣ ለዒድና ለልደት የሚጠብቅ ሕዝብ አንድ ሰው እዚያ ላይ ቆሟል ሲባል ማስረጃ መጠየቁ ተገቢ ነው። ማስረጃውን በአማርኛ አስረድቶ የሚጽፍለት ግን አላገኘም። ጋዜጦቹ ዜናውን አወጡ፤ ሮኬት እንዴት እንደሚበር፣ ጨረቃ ላይ ክብደት ለምን እንደሚቀንስ የሚያብራራው ጽሑፍ ጥቂት ነው። ከአራት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ ፔንዚያስና ዊልሰን የአጽናፈ ዓለም መነሻ የሚባለውን የቢግ ባንግን ቅሪት ሙቀት በሬዲዮ አንቴና መስማታቸውማ ጭራሽ ወሬ አልሆነም።

1967–1983 ዓ.ም.፦ አጽናፈ ዓለም የፖለቲካ ጎራ ገባ

ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ስለ ፍጥረት የሚናገር መጽሐፍ በአማርኛ እንደ ልብ መገኘት ጀመረ፤ ችግሩ በሌላ ዕቃ ተጠቅልሎ መምጣቱ ነው። በሞስኮው ፕሮግረስ አሳታሚ የታተሙ ርካሽ መጻሕፍት፣ በአገር ቤት በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የወጡት፣ በውይይት ክበብም የሚጠኑት ጽሑፎች ስለ ቁስ አካል ዘላለማዊነት ያስተምራሉ። የአጽናፈ ዓለም ጥያቄ ለዲያሌክቲካዊ ቁስ አካላዊነት ምስክር ሆኖ ቀረበ። ጋጋሪን ሰማይ ወጥቼ እግዚአብሔርን አላየሁም አለ የሚባለው ወሬ በየቦታው ተነዛ፤ ከሕዋ ባደረገው የሬዲዮ ልውውጥ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይገኝም።

ውጤቱ ሁለት መልክ አለው። በአንድ በኩል በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገበሬውንም እመጫቷንም ፊደል አስቆጠረ፤ በሀብሩና በጉባላፍቶ ያሉ ቀበሌዎችም ይህ ደረሳቸው። አንባቢው በቁጥር ከዚህ በፊት ታይቶ በማይታወቅ መጠን ጨመረ። በሌላ በኩል ሃይማኖተኛው አንባቢ ስለ ቢግ ባንግ የሚያወራን ሰው ሁሉ የካድሬ ወንድም አድርጎ አየው። ይህ ጥርጣሬ መንግሥት ተቀይሮም አልለቀቀም፤ በአማርኛ ስለ ሥነ ፈለክ የሚጽፍ ሁሉ ገና በመግቢያው ላይ እምነትህን አልነካም ማለት የሚቀናው ከዚያ ቁስል የተነሳ ይመስለኛል። የሚገርመው የቢግ ባንግን ሐሳብ መጀመሪያ ያቀረበው ዦርዥ ለሜትር ቤልጅየማዊ ካህን መሆኑ ነው። ይህን አንድ እውነት በጊዜው የጻፈ ቢኖር ብዙ ጠብ ይቀር ነበር።

በዚያው ዘመን ውጭው ዓለም ሌላ መንገድ ያዘ። ካርል ሴጋን እ.ኤ.አ. በ1980 ኮስሞስን በቴሌቪዥንና በመጽሐፍ አቀረበ፤ ስቴፈን ሆኪንግ በ1988 ስለ ጊዜ አጭር ታሪክ የጻፈው መጽሐፍ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ተሸጠ። ሆኪንግ አንድ እኩልታ ብቻ አስገብቷል፤ እያንዳንዱ እኩልታ የገዢውን ቁጥር በግማሽ ይቀንሳል ተብሎ ስለተመከረ ነው። መጽሐፉን ገዝቶ ያልጨረሰው ሰው ብዙ ነው ይባላል። ይሁን እንጂ ጥቁር ጉድጓድ ከፊዚክስ ክፍል ወጥቶ የቡና ቤት ወሬ የሆነው በእንዲህ ዓይነት ጸሐፊዎች ነው። ወልድያ በዚያን ጊዜ ከድርቅና ከጦርነት ጋር ትታገል ነበር።

1984–2011 ዓ.ም.፦ ማኅበር፣ መጽሐፍ፣ መነጽር

በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ወጥቶ መጽሔቶች እንደ አሸን ሲፈሉ ስለ ሕዋ የሚጻፈውም በዛ፤ ጥራቱ ግን አብሮ አልጨመረም። የማይታወቁ በራሪ አካላትና የዓለም ፍጻሜ ትንቢት ከፕላኔቶች ዜና ጋር በአንድ ገጽ ይታተማሉ። ትምህርት ቤት ደግሞ ሌላ ስንጥቅ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ አደረገው፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ግን ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። መርሳ ላይ ስለ ፀሐይ ሥርዓት በአማርኛ የተማረ ልጅ ጥያቄው ሲበስል ቋንቋው ይቀየርበታል። በአማርኛ የተጻፈ የሳይንስ መጽሐፍ ገበያ ያገኘው በዚህ ስንጥቅ ውስጥ ነው ባይ ነኝ።

ሁለት ነገሮች ተከታትለው መጡ። በሚኒሶታ ይኖሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ባሕረ ሐሳብን በአማርኛ አብራርተው አሳተሙ፤ በ2000 ዓ.ም. የሚሌኒየሙ በዓል ሲቃረብ ስለ ዘመን አቆጣጠራችን የሚጠይቀው ሁሉ ወደዚያ መጽሐፍ ዞረ። ከዚህ በፊት በጣት አንጓ ብቻ የሚተላለፈው ስሌት ማንም የመደመርና የማካፈል ሰው እቤቱ ቁጭ ብሎ የሚሠራው ሆነ። በዚያው ሰሞን፣ በ1996 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በአዲስ አበባ ተመሠረተ። የፊዚክስ ሊቁ ዶ/ር ለገሠ ወትሮ ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነበሩ። መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው ሳቀ፤ ዳቦ ሳንጠግብ ኮከብ ያልነው ለምንድን ነው ተባለ። ሶሳይቲው ግን ምርምሩን ብቻ ሳይሆን ሕዝቡን ማስተማርንም ሥራዬ ብሎ ስለያዘ በየትምህርት ቤቱ ክበብ ማቋቋም ጀመረ።

ከመጻሕፍቱ መካከል በስፋት የተነበበው ዶ/ር ሮዳስ ታደሰ የተሳተፉበት አንድሮሜዳ ነው። አንድሮሜዳ የዘመኑን ሥነ ፈለክ ከግዕዝ ሊቃውንት ትምህርት ጋር እያስተያየ ስለሚሄድ የቤተ ክርስቲያን ወጣት ሳይፈራ አነበበው። በዚህ አቀራረብ ሙሉ በሙሉ አልስማማም፤ ጥንታዊ ጽሑፍ ዘመናዊ ግኝትን አስቀድሞ ያውቅ ነበር ማለት ሁለቱንም ይጎዳል። ሄኖክ 364 ቀን ሲል 364 ማለቱ ነው። ሆኖም ከደርግ ዘመን ጀምሮ ተዘግቶ የነበረውን በር የከፈተው ይህ ዓይነቱ መጽሐፍ መሆኑን መካድ አይቻልም። አንባቢው ጋላክሲ የሚለውን ቃል ያለ ፍርሃት ሲናገር የሰማነው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያ መነጽሩ መጣ። በእንጦጦ ተራራ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የያዙ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለው በ2007 ዓ.ም. ተመረቁ። ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ የፈጀውን ወጪ የሸፈኑት ወልድያ ያደጉት ሼኽ መሐመድ አሊ አል አሙዲ ናቸው። ወልድያ ላይ ስማቸው ሲነሳ ወደ አፍ የሚመጣው በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ስታዲየም ነው፤ ቴሌስኮፖቹን የሚያነሳ ጥቂት ነው። እግር ኳስ የሚያየውና ኮከብ የሚያየው ብዛት ስለማይመጣጠን አልገረመኝም።

እንጦጦ ግን የአዲስ አበባ መብራት አጠገቡ ነው። ስለዚህ ሶሳይቲው ገና ከጅምሩ ዓይኑን ወደ ሰሜን ወሎ ጣለ። ላሊበላ አጠገብ ያለው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው፣ በበጋ ደረቅ ነው፣ ከተማ ሩቅ ነው። ከምድር ወገብ 12 ዲግሪ ብቻ ስለሚርቅ የሰሜን ኮከብም የደቡብ መስቀልም ከአንድ ቦታ ይታያሉ። ትልቅ ዓለም አቀፍ መመልከቻ እዚያ ለመገንባት ታሰበ፣ ጥናት ተጀመረ። እስካሁን አልተገነባም። በ2004 ዓ.ም. ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶ መርሳ ላይም የግብርና ካምፓስ ሲያገኝ ለዚህ ተራራ ተማሪ የሚያዘጋጅ ጎረቤት ተገኘ ብለን ነበር።

2012 ዓ.ም.፦ ያች ዓመት

ወንበሯ 6፣ አበቅቴዋ 6፣ መጥቅዑ 24 ያልናት ዓመት ይህች ናት። በዓመቱ መባቻ፣ በመስከረም መጨረሻ፣ የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ስለ ጋላክሲዎች እምብርት የሚመክር ሲምፖዚየም በአዲስ አበባ አካሄደ። ታኅሣሥ ላይ ሁለት ዜና በአንድ ሳምንት መጣ። መጀመሪያ ኅብረቱ ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት አድሎ ሕዝቡ ስም እንዲያወጣላቸው ባደረገው ዘመቻ የኢትዮጵያ ምርጫ ጸደቀ፤ ኮከቧ ቡና፣ ፕላኔቷ አቦል ተባሉ። ቀጥሎ ታኅሣሥ 10 ቀን የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ተወነጨፈች። 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው ሳተላይት ለእርሻና ለአየር ጠባይ ጥናት ነበረች፤ ሕዝቡ ግን እንደ ልጁ ሠርግ ተቀበላት።

ከሁለቱ ለእኔ የምትበልጠው ቡና ናት። በአንድሮሜዳ አቅጣጫ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ርቃ ትገኛለች፤ በባዶ ዓይን አትታይም። ዛሬ በመነጽር የሚደርሰን ብርሃኗ ከእሷ የተነሳው ሎውረንስ ሄኖክን በእንግሊዝኛ ባሳተመበት ዘመን አካባቢ ነው። የብርሃን ዓመት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለወሎ ሰው ማስረዳት የፈለገ ጸሐፊ ከዚህ የተሻለ መንገድ አያገኝም። አቦል ከጁፒተር የከበደች የጋዝ ፕላኔት ናት፤ ስሟን የሰሙ ልጆች ቀጥለው ያነሱት ጥያቄ ቶናና በረካስ የት አሉ የሚል ነው። ቀልድ ይመስላል፤ ግን ሌላ ፕላኔት አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ማለት እኮ ነው።

ከዚያ ሰኔ 14 እሑድ መጣ። ጨረቃ ከምድር በመራቋ ፀሐይን ጨርሳ ሳትሸፍን ዙሪያውን ቀለበት የምትተውበት ግርዶሽ ኢትዮጵያን ከምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አቋረጠ። ላሊበላ በመስመሩ ላይ ነበረች። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ብርሃኑ ደብዝዞ ቀለበቱ ታየ፤ ወልድያና መርሳ ደግሞ አብዛኛው የፀሐይ ገጽ ተሸፍኖ አዩ። ኮሮና ባይገባ ኖሮ ላስታ በእንግዳ ይጥለቀለቅ ነበር። እንግዶቹ ባይመጡም ሳምንቱን ሙሉ ሬዲዮው፣ ቴሌቪዥኑና ስልኩ ስለ ግርዶሽ ሲያስረዱ ሰነበቱ፦ ለምን ይሆናል፣ ስንት ደቂቃ ይቆያል፣ በራጅ ፊልም ማየት ዓይን ለምን ያጠፋል። የግርዶሹ ሰዓት አስቀድሞ በደቂቃ ተነግሮ በደቂቃው ደረሰ። ከዘመናት በፊት ሊቁ መልሱን ብቻ ያውጅ ነበር፤ አሁን ስሌቱም ሥዕሉም በስልክ መስኮት ላይ ነበር፣ ያላመነም ራሱ ወጥቶ ቆጠረ። የሰማይን ጽሑፍ ከሰማዩ ጋር ማስተያየት በዚህ አገር ይህን ያህል ሰው በአንድ ጧት ያደረገበት ጊዜ አላውቅም።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ፦ መብራት ሲጠፋ

ነሐሴ 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተነሳው ጦርነት ወልድያ ደረሰ። ከተማዋ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ በህወሓት ኃይሎች እጅ ቆየች፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘረፈ፣ ቤተ ሙከራው ወደመ፣ መብራትና ስልክ ተቋረጠ። ወልድያ በተለቀቀች በቀናት ውስጥ፣ ታኅሣሥ 16፣ የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ተወነጨፈ። ሐምሌ 5 የመጀመሪያ ምስሎቹ ሲወጡ ዓለም ከ13 ቢሊዮን ዓመት በፊት የተነሳ ብርሃን አየ። በሰሜን ወሎ ያለው ተማሪ ግን የተሰበረ ወንበር እየጠገነ ነበር። ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነስቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ፣ ብዙ ትምህርት ቤትም ተዘግቶ ቀረ።

በዚህ ጊዜ ሰማዩን ማንበብ ወደ አሮጌው ዘዴ ተመለሰ፤ ከእጅ ወደ እጅ። ልዩነቱ የሚተላለፈው ብራና ሳይሆን በስልክ ማኅደር የተቀመጠ የመጽሐፍ ቅጂ መሆኑ ነው፤ መስመር ሲከፈት ከቴሌግራም ይወርዳል፣ ሲዘጋ በብሉቱዝ ይዞራል። ደራሲዎቹ ከዚህ ቅጂ ሳንቲም አያገኙም፤ ቅሬታቸውም ትክክል ነው። አሳታሚ ወልድያ ድረስ መጽሐፍ የሚልክበት መንገድ በተዘጋበት ወቅት ግን ሌላ አማራጭ አልነበረም።

የሚቀጥለው ቀጠሮ ቅርብ ነው። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ በግብፅ፣ በሳዑዲ ዐረቢያና በየመን በኩል ያልፋል፤ በሰሜን ወሎ በከፊል ይታያል፣ የክረምቱ ደመና ከፈቀደ። ወሩ ትምህርት የተዘጋበት፣ ገበሬው ማሳ ላይ የሚውልበት ነው። ስለዚህ ስለ ግርዶሹ የሚያስረዳው ጽሑፍና የዓይን መከላከያው መነጽር መርሳና ሀብሩ መድረስ ያለባቸው ከሰኔ በፊት፣ ተማሪው ወደየቀበሌው ሳይበተን ነው።